የምንጩን ሰሌዳ ያነሱት አቶ ፒዮ አይደሉም

ቀን፦ ኦገስት 6 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ለሶቾን ወረዳ ጽሕፈት ቤት
የመጠጥ ውሃ ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በአቶ ፒዮ ማንሶክ ላይ የተላለፈው እገዳ እንዲነሳ፣ ጥፋቱ በእኔ እንዲያዝና በተራራው መግቢያ የተጣራ የመጠጥ ውሃ እንዲቀርብ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ታክ ኪዮንግ በኦክሳን ተራራ መግቢያ የቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) ሾርባ ቤት አለኝ። ጠዋት ተራራ የሚወጡ ሰዎች ማኅበር ጸሐፊም ነኝ። ክቡርነትዎን በማስቸገሬ ይቅርታ እየጠየቅሁ ነገሩን በተራ አስረዳለሁ።

1. ሰዉ ጠዋት ተራራው ላይ ወዳለው ምንጭ ወጥቶ ስፖርቱን ይሠራል፣ በቅል ይጠጣል፣ በጀሪካን ሞልቶ ይወርዳል። ውሃው መድኃኒት ነው ይባላል። ምንጩን ሲጠርጉ፣ ቅሉን ሲያጥቡ የኖሩት አቶ ፒዮ ናቸው። ማንም አይከፍላቸውም።

2. ምግብ ቤቴ ውስጥ የኪራይ የውሃ ማጣሪያ ማሽን አለ፣ ደህና ይሠራል። ግን ደንበኞቼ "ይሄ የማሽን ነው እንዴ? ለማሽን ውሃማ ቤታችን ምን አነሰን?" እያሉ ሲያሾፉብኝ፣ ማሽኑን ነቅዬ ከምንጩ መቅዳት ጀመርኩ። በየጠረጴዛው የማቀርበው እሱን ነበር።

3. ከከባዱ ዝናብ በኋላ የክፍሉ ባለሙያዎች ውሃውን መርምረው "ለመጠጥ አይሆንም" የሚል ቀይ ሰሌዳ ሰቀሉ። ጠዋት ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። ሳየው ደነገጥኩ፤ የደነገጥኩት ግን ለሰው ጤና ሳይሆን ለገበያዬ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሁሌ ይሰቀላል፣ ሲያባራ ይወርዳል፣ አምናም ማንም አልታመመም ብዬ አሰብኩ። ሰሌዳውን አንስቼ ምንጩ አጠገብ ካሉት የስፖርት ምንጣፎች ሥር ከተትኩት። ከዚያ ጀሪካኔን ሞላሁ።

4. በዚያው ሳምንት ከማኅበራችን እማማ ኖ፣ ከደንበኞቼ ጥቂት ሰዎች፣ እንዲሁም ልጄ ኡንጁ በተቅማጥና በትኩሳት ወደቁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጠምቷት ነበር፤ ቀድቼ የሰጠኋት በገዛ እጄ ነው። አሁን ሁሉም ተሽሏቸዋል። እማማ ኖ ግን ዛሬም ሰው ደግፏቸው ነው ደረጃ የሚወርዱት።

5. የክፍሉ ባለሙያዎች ሰሌዳው የት ሄደ ብለው ሲጠይቁ፣ አቶ ፒዮ "ስጠርግ አንስቼ ዘንግቼው ነው" አሉ። ወደ ምንጩ እንዳይደርሱ ታገዱ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፣ ዝም አልኩ። የማኅበሩ ሰዎች "ሽማግሌው ጃጅቷል" ሲሉም ዝም አልኩ። በኋላ ቤታቸው ሄጄ "ጋሼ፣ ምነው እንዲህ አደረጉ?" አልኳቸው። "ሰዉ ከታመመ በኋላ ምንጣፉን ሳነሳ አገኘሁት። ከእኔ ቀድሞ የሚወጣ ካንተ ሌላ ማን አለ? አንተ ልጅ ታሳድጋለህ፤ እኔን ቢቆጡኝ ምን እሆናለሁ ብለህ ነው?" አሉኝ። ቀጥለው "ልጅቷ እህል ቀመሰች ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። ቀምሳለች ብያቸው ወጣሁ።

6. ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ) በአቶ ፒዮ ላይ የተላለፈው እገዳ ተነስቶ፣ ጥፋቱ የእሳቸው አለመሆኑ በማኅበሩ ሰዎች ፊት እንዲነገርልኝ፤

ለ) በእኔና በምግብ ቤቴ ላይ ሕጉ የሚያዘው እንዲፈጸም፤ አልከራከርም፤

ሐ) በተራራው መግቢያ የተጣራ ውሃ የሚወርድበት ቧንቧ እንዲተከል፣ ምንጩም ማጣሪያ እንዲገጠምለት። ወጥቶ የደከመ ሰው ሌላ ውሃ አጠገቡ ከሌለ ሰሌዳ እያየም ይጠጣል፤

መ) በየምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያለው ውሃ ከየት እንደተቀዳ ባለሙያዎች ሳይነግሩን መጥተው እንዲያዩ፣ ከእኔ ቤት እንዲጀምሩ።

ይህን ከመላኬ በፊት ልጄ እንድታነበው ሰጠኋት። ሰሌዳውን ያነሳሁት እኔ መሆኔን ያወቀችው ከዚህ ወረቀት ነው። ከጥያቄዎቼ የአቶ ፒዮን ጉዳይ መጨረሻ ላይ አድርጌው ነበር። "አባዬ፣ ቧንቧው ይቆያል። እሳቸውን ከላይ ጻፋቸው" አለችኝ። እንዳለችው አድርጌ እንደገና ጽፌዋለሁ።

ከአክብሮትና ከይቅርታ ሰላምታ ጋር

ታክ ኪዮንግ
(ፊርማ)