የባለሞላው ተንሸራታች አልጋ

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ «ባለሞላው» እያለ የሚጠራቸው አልጋ ሠሪ፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከአባታቸው ወርክሾፕ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው የሠሩት አልጋ ሁሉ ቀለሙ ሳይደርቅ ስለሚሸጥ፣ ልጅየው ያደጉት ሰጋቱራ በተሞላ ጆንያ ላይ እየተኙ ነው። ይህን ሲያወሩ ያማርሩ ይሁን ይመኩ ለይቶ ያወቀ ሰው የለም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ለምን እንዳቆሙ ሁለት ታሪክ አለ። እሳቸው የቤቱ እጅ ስላጠረ ነው ይሉ ነበር፤ ታላቅ እኅታቸው ግን ሒሳብ ነው የጣለው ይላሉ። እኅትየው ዛሬም እዚሁ ስላሉ ሁለቱንም ጽፈነዋል።

ከአባታቸው እንጨቱን፣ ከአንድ በያጅ ጎረቤት ብረቱን ተምረው በሃያ ሁለት ዓመታቸው የራሳቸውን ወርክሾፕ ከፈቱ። ሙያቸው ባለሞላ የብረት አልጋ ነበር። የእሳቸው አልጋ ሲጢጥ አይልም። አዲስ ተጋቢዎች ለዚሁ ሲሉ ከሩቅ ሰፈር ድረስ ይመጡ ነበር፤ ምክንያቱን በዚህ ቦታ ማብራራት አያስፈልግም።

ባለቤታቸውን ያገኙትም በአልጋ ጭቅጭቅ ነው። ፍራሽ ሰፊዋ ወይዘሮ ያኔ ገና ልጃገረድ ሳሉ፣ አልጋህ በአንድ ጣት ጠቧል ብለው ሊከሱ መጡ። ባለሞላው ፍራሹ ነው የሰፋው አሉ። ክርክሩ ሳይፈታ በዓመቱ ተጋቡ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ። ክርክሩ እስካሁንም አልተፈታም።

ሃምሳ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው ወገባቸውን ያዛቸው። ሐኪሙ ብረት እንዳያነሡ አዘዙ። ብረት የማያነሣ አልጋ ሠሪ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ግን አልነገሯቸውም። ጎንበስ ማለት ስላቃታቸው የጫማቸውን ክር ባለቤታቸው ያስሩላቸው ጀመር። በዚያን ጊዜ ባለሞላው ሁልጊዜ ግድግዳውን ያዩ ነበር።

በዚህ መሐል አንዲት የማያውቋት ሴት አንድ የተሰበረ ዕቃ አስጭና መጣች፤ «እንደሚሆን አድርገው ይጠግኑልኝ» ብላ እየተጣደፈች ሄደች። ዕቃው ርዝመቱ የአልጋ፣ ስፋቱ የአግዳሚ ወንበር ነው። መተኛ ጣውላው ጎማ ላይ ተቀምጦ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ከሥሩ ሞላዎች በአግድም ይስቡታል። በእግርጌው የብረት መርገጫ፣ በራስጌው ሁለት ገመድ አለው። ባለሞላው ሲዞሩት ዋሉና በመጨረሻ ፈረዱ፦ ሙያውን የማያውቅ ሰው የሠራው አልጋ ነው።

ስለዚህ አስተካከሉት። ጎማውን አወለቁ፤ ጣውላውን ንቅንቅ እንዳይል ከብረቱ ጋር በየዱት። ሞላዎቹን አቁመው ተከሉ። ገመዶቹን ሕፃን አንገት ላይ ይጠመጠማሉ ብለው ቆረጡ። ራስጌው ላይ አበባ ያለው መደገፊያ ጨመሩ። ባለቤታቸውም እዚህ ላይ የሚተኛው ሰው ምን ያህል ቢከሳ ነው እያሉ በልኩ ቀጭን ፍራሽ ሰፉለት፤ በምርቃት።

ሴትየዋ ስትመለስ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብላ ወለሉን በእግሯ ገፋች፤ ጣውላው ንቅንቅ አላለም።

«ባለሙያው፣ ይሄ እኮ መተኛ አይደለም» አለች።

«ታዲያ ተኝተው ምን ይሠሩበታል?»

«ስፖርት።»

ባለሞላው ስፖርት ቆሞ የሚሠራ ነገር እንደሆነ ነበር የሚያውቁት። ሴትየዋ ፒላተስ የሚባል የሰውነት እንቅስቃሴ አሠልጣኝ ነበረች። ያበላሹትን ለማቃናት፣ እሷ ቤት የቀረውን ሌላ መሣሪያ ማየት ግድ ሆነባቸው። አይተውም አልገባቸውም፤ ስለዚህ ተኙበት። እግራቸውን መርገጫው ላይ አድርገው ገፉ፤ ጣውላው ሄደ፣ ሞላው መልሶ ሳባቸው። አሠልጣኟ ሲገፉ ወደ ውጭ እንዲተነፍሱ ነገረቻቸው። ያን ጊዜ ነው ትንፋሻቸውን ይዘው እንደሚኖሩ ያወቁት።

መሣሪያው ተጠግኖ ቢያልቅም ባለሞላው መሄዳቸውን አላቋረጡም፤ ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይጠፋሉ። ለቤት አልተናገሩም። ዕድሜ ልኩን ሰው የሚተኛበትን የሠራ ሰው፣ እኔም በጠራራ ፀሐይ ተኝቼ እውላለሁ ማለት ከበዳቸው። ጥቂት ወራት እንዳለፉ አንድ ጠዋት ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ራሳቸው አሰሩ።

ባለቤታቸው ይህን ሲያዩ እልል ሊሉ ይገባ ነበር ይባል ይሆናል። እሳቸው ግን ያዩት ሌላ ነው፦ ጀርባው የተቃና፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸት፣ በገዛ እጁ ጫማውን አስሮ በሳምንት ሁለት ቀን የሚሰወር ባል። የሰፈሩ ፀጉር ሠሪ ደግሞ ባላቸውን አንዲት ሴት ቤት አልጋ ላይ ተኝተው በመስኮት እንዳየቻቸው ነገረቻቸው። ከተናገረችው ውስጥ አንድም ውሸት አልነበረበትም፤ ችግሩም እሱ ነበር።

ወይዘሮዋ መቀሳቸውንና ልብሳቸውን በሻንጣ ከተቱ። ወደ እኅታቸው ሊሄዱ ነው። ነገር ግን በዓይኔ ሳላይ አልሄድም ብለው ሻንጣውን እንደያዙ የአሠልጣኟን በር ከፈቱ። ውስጥ ጥቂት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ወለሉ ላይ ተንጋለው እግራቸውን ሰቅለዋል። ባላቸው በካልሲ፣ አንድ እግራቸው በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ጣሪያውን ያያሉ።

«አንተ ሰው፣ ምን እየሠራህ ነው?»

ባለሞላው እግራቸውን ከገመዱ ሳያወርዱ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«እየተነፈስኩ።»

«እቤት ሳለህ አትተነፍስም ነበር?»

ማንም አልሳቀም፤ አሠልጣኟ ሳቅ ትንፋሽ ያዛባል ትል ነበርና። ወይዘሮዋ ሻንጣቸውን በሩ ሥር አስቀምጠው አንዱን መሣሪያ በእጃቸው ዳበሱ፤ ልምድ ሆኖባቸው ስፋቱን ለኩ። ከዚያ ተኙበት። ሲነሡ ለባለሞላው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የምጠላህን ያህል አልጠላሁትም»። ሻንጣውን ወደ ቤት የተሸከሙት ባለሞላው ናቸው፤ በቀና ወገብ።

አሠልጣኟ ያን ዕለት የስፖርቱን አመጣጥ አጫወተቻቸው። የጀመረው ሰው በልጅነቱ አስም የነበረበት ደካማ ልጅ ነበር ይባላል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰው አገር ታስሮ ሳለ፣ ከአልጋ መነሣት የማይችሉ ሕሙማን ተኝተው እንዲንቀሳቀሱ ብሎ አልጋቸው ላይ ሞላ አሰረ ይባላል። ባለሞላው ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው ተቀመጡ። «አልጋ ነው አላልኩም?» አሉ። ከዚያ በኋላ ይህን ያልሰማ ደንበኛ የለም።

ውለው አድረው መሣሪያውን፣ ራስጌው ላይ ያንኑ ባለ አበባ መደገፊያ እየጨመሩ፣ ራሳቸው መሥራት፣ ማታ ማታም ወርክሾፓቸውን ጠርገው ዕድሜ የገፉ ሰዎችን ማሠልጠን ጀመሩ። ፀጉር ሠሪዋም ቆማ ስትውል የሚያማትን ወገቧን ይዛ መጣች። ፒላተስ መድኃኒት አይደለም ይሏት ነበር፤ ሆድና ጀርባን የሚይዘውን የውስጥ ጡንቻ ማበርታት፣ አቋምን ማቃናት፣ እንዳይወድቁ ሚዛን መጠበቅ ነው፤ ብዙ መዝለል ሳይሆን ጥቂቱን አስተውሎ መሥራት ነው። ለሁሉም የሚደጋግሙት ግን ይህን ነበር፦ «ትንፋሽ የሚያስቸግረው ማውጣቱ ነው፤ መግባቱንስ እሱ ራሱ ያውቅበታል።»

ልጆቻቸው የአባታችሁ ሥራ ምንድን ነው ሲባሉ ወንዱ ብየዳ ይላል፤ ታላቋ ስፖርት፣ ታናሿ እንጃ ትላለች። ለዚህ ጽሑፍም ቤተሰቡ ተሰብስቦ አልተስማማም። በመጨረሻ ባለቤታቸው፣ «አልጋ ሠሪ በሉት፤ የቀረውን የተኛበት ያውቀዋል» ስላሉ እንደዚያው ታትሟል።

ባለሞላው በሰባ አራት ዓመታቸው ሳንባቸውን ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ተማሪዎቻቸው እየመጡ በአልጋቸው ዙሪያ ይቆማሉ፤ ሊጠይቋቸው ይሁን ሊማሩ ግራ ይገባቸዋል። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ትንፋሻቸው አጠረ። ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው፣ ከእሳቸው የተማሩትን መለሱላቸው፤ «አውጣው፣ አይዞህ። መግባቱን እሱ ያውቅበታል።» ባለሞላው በረጅሙ አወጡት። ወይዘሮዋ የሚገባውን ትንፋሽ ጠበቁ። ልጆቻቸው ሲደርሱም እየጠበቁ ነበር።

ባለቤታቸው፣ ታላቅ እኅታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። ቤተሰቡ ለማጽናናት የመጣችሁትን ሁሉ ከልብ ያመሰግናል፤ መስኮቱ ሥር ያለችው ባለ አበባ መደገፊያ አግዳሚ ስለምትንሸራተት እንዳትቀመጡባት ይለምናል፤ የተንሸራተታችሁትንም ይቅርታ ይጠይቃል።

ለስንቱ ማረፊያ የሠሩትን የእሳቸውን ነፍስ ፈጣሪ በልኳ በተሰናዳ፣ ሲጢጥ በማይል ማረፊያ ያኑርልን። ለባለቤታቸውም የያዙትን ትንፋሽ ማውጫ ብርታት ይስጥልን። አሜን።