አንቱ ያልሽኝ አንቺ ነሽ?

ቀየት፣ ጥር 29 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለጌታነሽ፣ ናዝሬት።

ከጉልበቴ፣ ከጥርሴና ከግራ ጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ዓይኔም ደህና ነው፤ ፊደሉን ያገዘፍሁት ጽናት ስታነብልሽ እንዳትቸገር ብዬ ነው። ልጄ ጽናት፣ ለእናትሽ ስታነቢላት አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ፤ እኔን የምታሳፍረውንም ቢሆን።

እርጅና እንዴት እንደሚመጣ ልንገርሽ። በቀደም የቀበሌ ስብሰባ ስገባ ሊቀ መንበሩ አንዷለም፣ ያ እኔው ክርስትና ያነሳሁት፣ ንግግሩን አቋርጦ "አባባ፣ እባክዎ ይቀመጡ" አለ። የትኛው ሽማግሌ መጣ ብዬ ዞሬ ባይ ከኋላዬ ያለው ግድግዳ ነው። ተቀመጥሁ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ። ሲያጨበጭቡ ነቃሁና አብሬ አጨበጨብሁ። ለካስ በእርጅና ምክንያት ከእርከን ሥራ ነፃ የወጡ ሰዎች ስም እየተነበበ ነበር፤ ቀዳሚው የኔ ነው።

ድሮ በግ እየነዳሁ መሐል ሜዳ ገበያ ውዬ ስመለስ ድካም የሚባል አላውቅም ነበር። አሁን እስከ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ጊዜ አርፋለሁ። ሰው ካየኝ ገብሱን የማይ አስመስላለሁ። ገብሱ ግን ከታጨደ ወር አልፎታል።

ወደ ነገሩ ልግባ። ጽናትን ላርስ፣ አርባ ቀን ብለሽ የሄድሽው ዓመት ሊሞላ ነው። ለምን እንደቀረሽ ሁለታችንም እናውቃለን። የመድኃኔዓለም ማኅበር ተራው የኛ ሆኖ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ "ጌታነሽ አርጅታለች፤ ጠላስ ድሮ ነበር፣ አሁንማ ቀጠነ" አልሁ። ገንቦውን አስቀመጥሽና "አፈ ወርቅ ብለው ስም ያወጡልህ ቄስ ምነው ይህን በሰሙ!" ብለሽ ወጣሽ። በሳምንቱ አውቶቡስ ተሳፈርሽ።

እንግዲህ ስሚ። በጳጉሜን መኳንንት አብሮ አደጌ ሞተ። በተዝካሩ ጠላ ቢቀርብልኝ ቀጥኗል። ለገና ወሰንየለሽ ቤት ጠጣሁ፤ እሱም ቀጥኗል። ጎረቤታችን ተሾመች ሽሮ ብታመጣልኝ ጨው የለውም አልኋት። "ኧረ አባባ፣ ጨው በዝቶበት ይቆጡኛል ብዬ እኮ ነው የፈራሁ" አለችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ያረጀው የኔ ምላስ ነው፤ ጠላሽስ እንደ ድሮው ነበር።

ከትናንት ወዲያ በማኅበሩ ተነሥቼ ይህንኑ ተናገርሁ። ሳቁብኝ፤ ቄሱም ሳይቀሩ። ይሳቁ። ያዋረድሁሽ እዚያው ነበርና እኔም እዚያው ተዋረድሁ። ይቅር በይኝ ጌታነሽ።

አሁን የከበደኝ ግን የላክሽው ደብዳቤ ነው። "ለተከበሩ ለአቶ አፈወርቅ፣ እንደምን ከርመዋል?" ይላል። ከርመዋል! ስንጋባ እናትሽ "ባልሽን አንቱ በይ" ብለው መክረውሽ የቻልሽው ሦስት ቀን ነው። በአራተኛው ቀን በጎቹ ገብሱ ውስጥ ሲገቡ "አንተ! የት አባትህ ተገትረሃል?" ብለሽ ጮኽሽና ደንግጠሽ በነጠላሽ አፍሽን ያዝሽ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ቤቴ ሰው ገባ አልሁ። አርባ ሁለት ዓመት አንተ ስትዪኝ ኖርሽ።

መኳንንት ከሞተ ወዲህ እዚህ አገር አንተ የሚለኝ የለም። ቄሱም አንቱ፣ ሊቀ መንበሩም አንቱ። ሰው ሁሉ አክብሮኝ ራቀኝ። ደከመኝ ጌታነሽ።

ጽናት፣ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጻፍ ብለሽ አንቺ ያሳመርሽው ከሆነ ግድ የለም፤ እኔው ነኝ ያስተማርሁሽ። ከእናትሽ አፍ የወጣ ከሆነ ግን ሳትደብቂ ንገሪኝ።

የናዝሬት ሙቀት ለጉልበትሽ ተስማምቶሻል አሉ፤ ስለዚህ ነይ ብዬ አላስጨንቅሽም። ይላኩልኝ ያልሽውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ባናሽን ግን አልላክሁም። መደቡ ላይ እንዳጣጠፍሽው አለ።

የልጅ ልጄን እደግ በሉልኝ። መድኃኔዓለም ደጃችሁን ይባርክ፣ አንቺንም ከክፉ ይሰውርልኝ። ይህን ወረቀት የሚያደርስላችሁ አባይነህ ማክሰኞ ይመለሳል፤ መሐል ሜዳ አውቶቡሱ ዘንድ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። መልስ ስጡት። አጭር ይሁን፤ ስድብም ቢሆን አልቀየምም። ብቻ "አንተ" ብሎ ይጀምር።

ባልሽ አፈወርቅ