አመድ የመሰለው ቀይ

ንፋስ መውጫ፣ ኅዳር 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

አባባ የብራና ጸሐፊ ናቸው፤ የእመቤታችንን ስም ከቀይ ቀለም በቀር በሌላ ጽፈው አያውቁም። እኔም የእጃቸውን ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ ስገለብጥ ስሟ በቀይ እንዲታይ አድርጌ ነበር። ትናንት የቢሮ ባልደረባዬ ደሳለኝ የመጻፊያ ፕሮግራሜን ቀለማት ትእዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት፣ ከተርሚናሉ ጋር አንድ አደረጋቸው። የተርሚናሉን ቀይ ደግሞ «ዓይን ይወጋል» ብሎ ቀድሞውኑ አደብዝዞት ስለነበር የስሟም ቀይ አብሮ ደበዘዘ።

ዛሬ አባባ ከድጓው ደብር ከቤተ ልሔም ሌላ ብራና ይዘው ቢሮ መጡና ስክሪኑን አዩት።

«ስሟን በአመድ ጻፍከው?» አሉኝ።

ደሳለኝ «መሪጌታ፣ ፊደሉ እኮ ያው ነው» ብሎ ሳቀ። አባባ ብራናውን መልሰው የቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ከተቱና ወጡ።

ከሁሉ የሚያስጠላኝ ግን፣ ጠዋት ኮምፒውተሩን ገና ስከፍት አዲሱን ቀለም አይቼ «አቤት ሲያምር!» ያልኩት እኔው መሆኔ ነው።