ጣሪያው የእኔ፣ ግድግዳው የአቶ ሰውአገኝ

ለተከበሩ የሰፈራችን የንብረት አካፋይ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ፣ ለአቶ ጋሻዬ
አሸተን ማርያም ግርጌ

የተከበሩ አቶ ጋሻዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንዲረዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ እኔና የቀድሞው ባለቤቴ አቶ ሰውአገኝ የተፋታነው በስምምነት ነው፤ የተጣላነው እናንተ ካካፈላችሁን በኋላ ነው። ይህን ከተረዱልኝ ዘንድ፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎ የአሸተንን ዳገት ያለ ከዘራ የሚያስወጣ፣ ዓይንዎም ከዚያ ላይ ሆኖ ያካፈሉትን ሁሉ አጥርቶ የሚያሳይ እንዲሆንልዎ ምኞቴ ነው። ደብዳቤዬን ሰፈሩ ሁሉ እንዲያነበው ግልጽ ያደረግሁት፣ በእጅዎ ብሰጥዎ እኩል ለሁለት ተቀዶ ግማሹ ለአቶ ሰውአገኝ እንዳይደርሰው ስለሰጋሁ ነውና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ፍርድ ቤቱ ፍቺያችንን አጽድቆ ንብረታችንን እንድታካፍሉን ወደ እናንተ ሲመራን እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር። ዕድሜዬን ሕፃናትን ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና፣ ማካፈል የሚባለውን ነገር ከልቤ እወደዋለሁ። የእናንተን ዓይነት አከፋፈል ግን በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ስለዚህ አድናቆቴን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ቤቱን በተመለከተ «እያንዳንዱ የደከመበትን ይውሰድ» ብላችሁ፣ ድንጋዩን ጠርቦ የገነባው አቶ ሰውአገኝ ግድግዳውን፣ ቆርቆሮውን በደመወዜ የገዛሁት እኔ ደግሞ ጣሪያውን እንድንወስድ ስለወሰናችሁ አመሰግናለሁ። ግድግዳ የሌለው ጣሪያ ኖሮኝ አያውቅም ነበር። አሁን እኔ ከወንዙ ማዶ እኅቴ አሰለች ቤት ተጠግቼ ስኖር፣ እሱ በጣሪያዬ ሥር በግድግዳዎቹ መሐል ይኖራል። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ሲጥል ደጁ ላይ ቆሞ «መምህርት! ጣሪያሽ እያፈሰሰ ነው፣ ነይና ንብረትሽን ያዢ!» እያለ ሲጣራ ሰፈሩ በሙሉ ሰማው። እኔም ጣሪያው የእኔ ቢሆንም ውኃው የወረደበት አልጋ የእሱ መሆኑን፣ ውሳኔያችሁን ጠቅሼ ከማዶ ሆኜ አስረዳሁት። አሰለች ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ እኔም እንደ መምህርነቴ ልቆጣት አስቤ አብሬያት ሳቅሁ።

፪. ሁለቱን በሬዎቻችንን፣ ቡሬንና ወይኖን፣ አንድ አንድ ሰጣችሁን፤ ሞፈሩን ለእሱ፣ ቀንበሩን ለእኔ አደረጋችሁ። እርስዎም እጅዎን አጨብጭበው «ይኸው እኩል! አሁን ማን ይከፋዋል?» ማለትዎን አልረሳውም። በአንድ በሬ እንደማይታረስ ግን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ባለ አንድ በሬ የሆነ ሰው፣ እንደ እሱ አንድ በሬ ያለው ሌላ ሰው ፈልጎ መቀናጆ ይገባል፤ የሰፈሩ ባለ አንድ በሬዎች ደግሞ ገና ከጥር ጀምሮ ተቀናጅተው ጨርሰዋል። ሳይቀናጅ የቀረው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትዎትም። ስለዚህ ፍርድ ቤት ያፋታንን እናንተ በመቀናጆ መልሳችሁ አጋባችሁን። አቶ ሰውአገኝ ቀንበር ሊለምን በየማለዳው የአሰለችን በር ያንኳኳል፤ ሲያጨኝ እንኳ እንዲህ አልተመላለሰም። ጎረቤቶቻችንም አብረን ሲያዩን «እናንተ ሰዎች፣ አልተፋታችሁም እንዴ?» ይሉናል።

፫. በመቀናጆ ልማድ አንድ ቀን የእሱ ማሳ፣ በማግሥቱ የእኔ ማሳ ይታረሳል። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን ቡሬና ወይኖ ተጠምደው፣ ቆመው ያዩኛል፤ የሚያርሱት ማሳ የለኝማ። ከምስማር እስከ ማሰሮ ክዳን ያካፈላችሁ ሽማግሌዎች፣ ሳይሰበር ሊካፈል የሚችለውን አንድ ነገር፣ ሁለቱን ማሳዎቻችንን፣ ጠቅልላችሁ ለአቶ ሰውአገኝ ሰጣችሁ። «እሷ ጡረታ አላት፣ መሬት ምን ያደርግላታል?» ተባለ። በይዞታ ደብተሩ ላይ ፎቶዬ ከእሱ ፎቶ ጎን መለጠፉን ባሳይዎት፣ አተኩረው ተመልክተው «ያኔ እንዴት ያለሽ ቆንጆ ነበርሽ!» ብለው ደብተሩን ከደኑት። ስለ አድናቆትዎ እጅ እነሣለሁ።

እዚህ ላይ ሳቄን ለጥቂት ልግታ። እነዚያን ማሳዎች ከትምህርት ቤት ስመለስ ድንጋይ እየለቀምሁ፣ ጎርፍ የናደውን እርከን እየካብሁ ነው ያቆየኋቸው። የእኅቴ ቤት ምንም ቢሞቅ የእኔ ቤት አይደለም፤ በእርጅናዬ የራሴ የምለው መጠጊያ ከድርሻዬ በቀር የለኝም።

ስለዚህ እርስዎም የሚያውቁትን አንድ የቆየ ልማድ እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ፤ አንዱ ንብረቱን ለሁለት ይመድባል፣ ሌላው ቀድሞ ይመርጣል። እኔ መድቤ ጨርሻለሁ። በአንድ ወገን ቤቱ ከነጣሪያው፣ ከላይኛው ማሳ ጋር፤ በሌላው ወገን ሁለቱ በሬዎች ከነሞፈርና ቀንበራቸው፣ ከወንዝ ዳሩ ለም ማሳ ጋር። አቶ ሰውአገኝ የፈለገውን ያንሣ። የትኛው እንደሚቀርልኝ ሳላውቅ ስለመደብሁ እጄ ወደ አንዱ ሊያደላ አልቻለም። እሱንም ጠይቄዋለሁ፤ «መሬቱን ሁሉ ስጡኝ ያልሁት እኔ መቼ ነው? ብቻ ከዚህ ከቀንበር ልመና ገላግሉኝ» ብሎ ተስማምቷል። ያልተስማማችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ።

ሰኔ ሳይገባና ዘሩ ሳያልፈን፣ እባክዎ በዚህ ሳምንት መልስዎን ይስጡኝ። ሥራ በዝቶብዎ ቢዘገዩ ግን አልቀየምም፤ ቡሬና ወይኖን ጠምጄ፣ አቶ ሰውአገኝን አስከትዬ፣ ወደ ፍርድ ቤቱ እመለሳለሁ። መንገዳችንም በደጅዎ ነው።

አክብሮቷን ሳታካፍል ሙሉውን የምትልክልዎ፣
የአንድ በሬ፣ የአንድ ቀንበርና የአንድ ጣሪያ ባለቤት፣
መምህርት ወለተ ሩፋኤል

ማስታወሻ፦ ውሻችንን በክፍፍሉ ጊዜ ረስታችሁታል። ጠዋት አቶ ሰውአገኝ ዘንድ፣ ማታ እኔ ዘንድ እየበላ፣ ከመላው ቤተሰባችን በውሳኔያችሁ የወፈረ እሱ ብቻ ነው። እባክዎ እንዳያስታውሱት።