ሳይክሌን እንድተው ስለተላኩብኝ ሽማግሌዎች

ነቢል፣ የገዛ ልጄ፣ ገመናዬን አደባባይ አወጣው። በኪንታሮቴ ጉዳይ ሽማግሌ ላከብኝ። ሰው ሽማግሌ የሚልከው ልጅ ለመጠየቅ ወይም የተጣላ ለማስታረቅ ነው፤ በአባቱ መቀመጫ ጉዳይ ሽማግሌ የላከ ግን ከእርሱ በቀር አላየሁም።

ይህን አስቀድሜ ካልኩ በኋላ ወደ ሰላምታዬ ልምጣ። ወንድሜ ረመዳን፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ ሶላት ላይ አሁንም ያስቸግርሃል? ባለቤትህ ሽፋ ደኅና ናት? ወራቤ ዝናቡ እንዴት ነበር፣ እንሰቱስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ደኅና ብቻም አይደለሁም፤ ከደስታ ብዛት እጄ እየተቻኮለ ነው የምጽፍልህ።

ባለፈው ወር ደውለህ «ነቢል መታመምህን ነገረኝ፤ ምንህን ነው?» ስትለኝ ስልኩን የዘጋሁብህ ተቀይሜህ አይደለም። ጆሮዬ ስለደከመ ድምፁን ለቅቄ ነው የማወራው፤ በዚያች ሰዓት ደግሞ ሱቅ ውስጥ ስኳር የሚገዙ ሦስት ሴቶች ቆመው ነበር። ምን ልበልህ? ስለዚህ በደብዳቤ ስማኝ።

እንደምታውቀው ከፈጅር ሶላት በኋላ፣ ሱቅ ሳልከፍት፣ በሳይክል ጉደር ደርሼ እመለሳለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ። ክረምቱ ሲገባ ግን ኪንታሮት ያዘኝ። ስቀመጥ ያቃጥለኛል፣ ሽንት ቤት ስገባም ደም አየሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ራሴን በራሴ አክማለሁ ብዬ ከጎጆ ከተማ የመጣ ወፍራም የበግ ቆዳ ገዝቼ የሳይክሉ መቀመጫ ላይ አሰርኩ። ባሰብኝ። ሌላ ቆዳ ደረብኩበት። ጭራሽ ባሰብኝ። ባለቤቴ ሂዳያ ልብሴን ስታጥብ ደሙን አይታ ለነቢል ነገረችው፤ እርሱም ሳይክሉን ጓዳ አስገብቶ በሰንሰለት ቆለፈው። ቁልፉን ስጠይቀው «አባ፣ በዚህ ዕድሜ ይብቃህ» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳሁትን! አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገርኩትም። ይሄኔ ነው ሽማግሌ የላከው።

ጳጉሜን እንደገባች ሦስት ሰዎች በዝናብ ጃንጥላ ይዘው መጡ። አንዱ እህል ነጋዴው ጎረቤቴ ኦቦ ሌታ፣ ሁለተኛው ከመዝገብ ቤት ጡረታ የወጣው ኦቦ ተሬፋ፣ ሦስተኛው የመስጊዳችን ሼህ ናቸው። እንደ ወጉ «የመጣንበትን እሺ ካላልከን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። እኔም «መቀመጥ ስላቃተኝ አይደል የመጣችሁት? እንግዲያው አብረን እንቁም» አልኳቸው። ቆምን። ኦቦ ሌታ «ማሎ፣ እባክህ፣ ስለ እኛ ብለህ ይህችን ሳይክል ተዋት» ይላል፤ እኔ አልተውም እላለሁ። ሼሁ ይመክሩኛል፤ አልተውም እላለሁ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሆን ሼሁ ደከሙና ተቀመጡ። ኦቦ ሌታም ተከተላቸው። ተሬፋ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ሂዳያ ወንበር ብታቀርብለት «ተይው እህቴ፣ ለእኔ መቆሙ ይሻለኛል» አላት። ዓይኑን አየሁት። «ተሬፋ፣ አንተም?» አልኩት። ወለሉን እያየ «አሥራ ሁለት ዓመቴ» አለ። «ሳይክል ነድተህ ታውቃለህ?» ብዬ ጮኽኩ። «ኧረ እኔ በሕይወቴ! ሠላሳ ዓመት ወንበር ላይ ነው የኖርኩት» አለ። ረመዳን፣ የፍርድ ቤት ምስክር እንኳ እንዲህ አይረዳም! ኦቦ ሌታ በሳቅ ጃንጥላው ከእጁ ወደቀ። «ነቢል ሁለት በሽተኛ አገናኘ እንጂ ሽምግልናውስ ቀረ» አለ።

በማግስቱ ከተሬፋ ጋር ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተር ዱሬቲ የምትባል ወጣት ነርስ ተቀበለችን። ደም ካለ ሐኪም ሳያየው አይታለፍም ብላ ሐኪም ዘንድ አስገባችኝ፤ ሐኪሙም መርምሮ ኪንታሮት እንጂ ሌላ እንዳልሆነ አረጋገጠልኝ። ከዚያ እርሷ ጥያቄ ጀመረች። ውሃ እጠጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሽንቴ መንገድ ላይ ከሳይክል እንዳያወርደኝ ብዬ እስከ ቀትር እንደማልጠጣ ነገርኳት። ሽንት ቤት ምን ያህል እንደምቆይም ጠየቀችኝ። መዋሸት አልወድም። አንተ ታውቃለህ፣ ፊደል ያስተማረኝ የለም፤ ልጆች በሚንጫጩበት ቤት ጸጥታ ያገኘሁት እዚያ ብቻ ስለነበር ማንበብ የለመድኩት እዚያው ነው። ዛሬም ጋዜጣ ይዤ እገባለሁ፤ የመጨረሻውን ገጽ ሳልጨርስም አልወጣም። ይህን ስነግራት «አባባ፣ ሳይክሉ አባብሶት ይሆናል እንጂ ዋናው ጥፋተኛ ጋዜጣው ነው» አለችኝ። የበግ ቆዳውንም አስጣለችኝ፤ ለካ ለስላሳው ነገር መሐል ለመሐል እየገባ ኖሯል የሚጫነኝ።

ትእዛዟን ካርቶን ላይ ጽፌ ሱቅ ውስጥ ሰቀልኩ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልጻፍኩም። ውሃ፣ ጎመን፣ ያልተነፋ ዱቄት፣ ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውሃ ሳፋ ውስጥ መቀመጥ፣ ስድስት ሳምንት ከሳይክል መራቅ። ተሬፋ በሁለተኛው ሳምንት ሰነፈ። እኔ አንድ ቀን አላጎደልኩም። ጋዜጣዬንም አሁን ባንኮኒው ላይ ቆሜ ነው የማነበው።

ስድስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ነቢል በሼሁ በኩል «አባቴ ይቅር ይበለኝ» ብሎ ላከ። ሽማግሌ በመላኩ ሊታረቀኝ ሽማግሌ ሊልክ! በእግሩ ይምጣ አልኩ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጣ። ቁልፉን እጄ ላይ አድርጎ «አባ፣ አጥፍቻለሁ። ደሙን ስሰማ ትሞትብኛለህ ብዬ ፈርቼ ነው» አለኝ። እኔም «እሺ» አልኩት። ለእኔና ለእርሱ በቂ ነው።

ትናንት ቅዳሜ ነዳሁ! መቀመጫውን ዝቅ አድርጌ፣ ውሃዬን በላስቲክ ጠርሙስ ይዤ፣ ቁልቁለቱን ወደ ጉደር እንደ ወፍ ወረድኩ። ጤፉ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ መምታት ጀምሯል። ስመለስ ዳገቱን ፈራሁት፤ ግን አልወረድኩም፣ ረመዳን፣ አንዴም አልወረድኩም! ሕመም የለም፣ ደም የለም። ወደ አምቦ ገበያ አህያ የሚነዱ ሰዎች ግን «ኦቦ አብዱልናስር፣ ዳንክ እንዴ?» እያሉ ተቀባበሉኝ። ነቢል የላካቸው ሽማግሌዎች ወሬውን ለአገሩ አዳርሰውታል። እኔ ፔዳሉን ነው የረገጥኩት።

ለሽፋ አክብሮቴን አድርስልኝ። ልጅህን ሩዋይዳን «በትምህርትሽ በርቺ ብሎሻል አጎትሽ» በላት። ሂዳያ ሁላችሁንም ሰላም ብላለች፤ ነቢልም እንዲሁ። እርሱን ይቅር ብዬዋለሁ። አንተ ግን ስትደውል ስለ ዝናቡ፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ጉልበትህ ጠይቀኝ። ስለዚህኛው ጉዳይ ለማወቅ ለሚገባህ ለአንተ ብቻ ጽፌያለሁ፤ ከዛሬ ወዲያ በስልክም፣ በደብዳቤም፣ ፊት ለፊትም ቢሆን አንዲት ቃል ከእኔ አትሰማም።

ወንድምህ አብዱልናስር
አምቦ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም.