በጋሼ ስም

የካቲት 4

ማክሰኞ። የባንክ ቤት ሸሚዞች ቀን። አንገትጌውን በእጅ ማሸት፣ ከዚያ ወደ ማሽን። እነዚህ ሰዎች ብር ነው የሚቆጥሩት ወይስ ከሰል? ተኳሿ አርፍዳ መጣች። ካውያው ላይ ተኮሳተረች፣ እኔም ላይ ተኮሳተረች። ዝም አልኳት። ካውያ የያዘ ሰው አይቆጡም።

ባሌ ደግሞ ያልተወሰዱትን ልብሶች ሲያገላብጥ ዋለ። ባለቤቶቻቸው ሰጥተውን የጠፉ… ከኋላ ዘንጉ ላይ የተሰቀሉት። «እንሽጣቸው» አለ እንደ ልማዱ። ማስታወቂያውን በሩ ላይ የለጠፈው ራሱ ነው፦ «ከሦስት ወር በላይ ለቆየ ልብስ ኃላፊነት አንወስድም»። እኔ እያለሁ አንድ ቀን ሠርቶበት አያውቅም። ሰው አምኖ የሰጠህን ልብስ ትሸጣለህ?

«ቦታ ይዘውብናል» አለ።

«ለምን የሚሆን ቦታ ፈልገህ ነው?»

ስልኩን ያያል። ቆንስሉ ነዋ የሚጽፍለት።

ቆንስሉ የምለው ታላቅ ወንድሙን ነው። ባሕር ማዶ አንድ አገር ከገባ ወዲህ ስለዚያ አገር ሲያወራ መንግሥት የሾመው ይመስላል። ፊት ለፊት «ጋሼ፣ እርስዎ» ነው። እዚህ ግን ማን ይሰማኛል? ያሻኝን እለዋለሁ።

የካቲት 9

እሑድ። ምሳ አማቴ ቤት። ስልኩ ጠረጴዛው መሀል ተቀመጠ፣ ድምፁ ከፍ ተደረገ፣ ቆንስሉ ስብከቱን ጀመረ።

«ይሄ እያደገ ያለ አገር ነው። ሆቴል እንደ አሸን እየፈላ ነው። አንሶላ የሚያጥብላቸው ግን የለም። ማሽኖቻችሁን ጭናችሁ ኑ።»

እያደገ ያለ አገር… እኛስ? እኛንስ እያደጋችሁ ነው ሲሉን አይደል የኖሩት? ካላደገ አገር ወዳላደገ አገር መሰደድ ምን የሚሉት ስደት ነው?

«መብራቱ እንዴት ነው ጋሼ?» አልኩ።

«አልፎ አልፎ ነው የሚጠፋው።»

«ገንዘባቸውስ?»

«ትንሽ ወርዷል። ለዚህ እኮ ነው ሁሉ ነገር ርካሽ የሆነው።»

የምንከፈለውስ በዚያው በወረደው አይደል? ይሄንን ዋጥኩት።

«ንግድ ፈቃዱስ?»

«ለውጭ ሰው አይሰጡም። እኔ ግን ዜግነቱ አለኝ። በእኔ ስም ይወጣል፣ ማሽኑም በእኔ ስም ይገባል። ቀላል ነው።»

የኔው ሰው ራሱን ነቀነቀ። አማቴም ነቀነቁ። እኔ ሳህን ማንሳት ጀመርኩ። ቀላል ነው አለ… ለማን ነው የሚቀለው?

የካቲት 10

ኩርፊያ። «ወንድሜን እንደ ሌባ መረመርሽው» አለኝ። ስለ መብራት መጠየቅ ምርመራ ሆኖ አረፈው።

የካቲት 14

ማድረቂያው እስኪጨርስ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። እስቲ ያለ ንዴት ላስበው።

እዚህም አልሞላልንም፣ ይሄ እውነት ነው። በዚህ መንገድ ላይ ብቻ አዳዲስ ላውንደሪዎች ተከፍተዋል። አከራያችን በየጊዜው ይጨምራል። እሱ መሰልቸቱ አይገርመኝም። እኔም ሰልችቶኛል።

እዚያስ? አንሶላው ታጥቦ ሳያልቅ መብራት ቢጠፋ እዚያው ተዘፍዝፎ ይሸታል። ሆቴል ደግሞ አይጠብቅህም። ጄነሬተር ትገዛለህ፣ ጄነሬተሩ ነዳጅ ይጠጣል፣ ነዳጁ በዶላር ነው የሚመጣው። ያተረፍከውን ይዘህ ልውጣ ስትል ባንኩ ዶላር የለኝም ይላል። ብታመምስ? የመኖሪያ ፈቃድ በየዓመቱ ነው የሚታደሰው። አዳሹ ጸሐፊ ጠዋት ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ቢገባስ?

ከሁሉም በላይ ማሽኗ። ትልቋ ማጠቢያ። ዕዳዋን ከፍለን ከጨረስን ገና ዓመት አልሞላንም። ልጅ አልወለድንም። እንግዳ ስለ ልጅ ሲጠይቀን «ልጃችን እሷ ናት» እያለ በመዳፉ መታ መታ ያደርጋታል። ያ ሰው ነው እንግዲህ በሌላ ሰው ስም ላስመዝግባት የሚለው።

ላም አለኝ በሰማይ። ወተቷንም አላይ።

የካቲት 15

የጭነት ዋጋ ሲጠይቅ ሰማሁት። በሹክሹክታ። በገዛ ቤቴ።

የካቲት 21

ዛሬ ከስቶ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ገባ። ከኪሱ ደረሰኝ አወጣ። የእኛ ደረሰኝ… የድሮው፣ ቀለሙ የለቀቀው። «ይኖራል ብዬ አይደለም፣ ለነገሩ ልጠይቅ ብዬ ነው» አለ።

ግራጫ ሱፍ። ሦስት ዓመት ዘንጉ ጥግ ላይ። ብል እንዳይበላው በየጊዜው ሳናፍሰው ኖሬያለሁ። አምጥቼ ሰጠሁት። ኮቱን ለበሰው። ትከሻው ላይ ሰፋው። ያኔ ሞልቶት ነበር።

«የት ነበሩ ይሄን ሁሉ ጊዜ?»

አገሩን ሲነግረኝ ክው አልኩ። የቆንስሉ አገር። አጠገቤ ወንበር ስቤ አስቀመጥኩት። የኔው ሰው የታጠበ ልብስ ሊያደርስ ወጥቷል፣ ጥሩ ሆነ።

የቤት ዕቃ መሥሪያ ከፍቶ ነበር። መጀመሪያ ሠራለት። ከዚያ ምንዛሪው ተንሸራተተ፣ አከራዩ ኪራዩን በዶላር አምጣ አለው። «እሱንስ ችዬው ነበር» አለ። «ፈቃዱ ግን በጓደኛዬ ስም ነበር።»

«በላዎት?»

«ኧረ በፍጹም። ሰባራ ሳንቲም አልነካብኝም። ሞተ እንጂ።»

ከቀብሩ በኋላ ልጆቹ ወረቀቱን አዩ። የአባታችን ነው አሉ። ፍርድ ቤቱም የአባታቸው ነው አለ። «በወረቀቱ እውነት ነው እኮ» አለኝ። አይናደድም። እኔ ነኝ ስለ እሱ የተናደድኩት።

«በመካከላችሁ ውል አልነበረም?»

«ከወንድም ለሚበልጥ ሰው ‹ብትሞትስ?› ይባላል እንዴ?»

ያጠብኩበትን ብቻ ተቀበልኩት። ሲወጣ ማስታወቂያውን አንብቦ ዞሮ አየኝ።

የካቲት 23

አደረግኩት። ጉድ ፈላ።

ሌሊቱን ቃል ሳዘጋጅ ነው ያደርኩት። አለሳልሼ ልጠይቅ ነበር። ምሳ ተበላ፣ ስልኩ ተቀመጠ፣ ቆንስሉ ስለ አንድ ባለ ሆቴል ያወራል። የኔው ሰው «ማሽኗን መጋቢት ውስጥ እንጭናታለን» አለ። እኔን ሳይጠይቅ፣ ዓይኔ እያየ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝና ከአፌ ይቺ ወጣች፦

«እርስዎ ቢሞቱስ ጋሼ?»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። አልተቋረጠም።

«እኔ… ልሞት ነው እንዴ?» አለ ቆንስሉ። ድምፁ ቀጠነ።

«ማለቴ… ቢሞቱ ማሽናችን ለማን ይሆናል ለማለት ነው። አንዲት ወረቀት ብንጻጻፍ።»

አማቴ ብድግ አሉ። «ሟርትሽን ለጠላቴ ያድርገው። በልጄ ማዕድ ላይ ቁጭ ብላ ሞቱን ትጠራለች?» ማዕዱ የራሳቸው ነው፣ ልጃቸው ባሕር ማዶ ነው፣ ግን ማን ያርማቸዋል? የኔው ሰው ስልኩን አጠፋው። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

መጀመሪያ «ክፉ አይንካዎት» ማለት ነበረብኝ። እሱን ረሳሁት። እኛ ዘንድ እሱን ካስቀደምክ የፈለግከውን መጠየቅ ትችላለህ። ካላስቀደምክ ገዳይ ነህ።

የካቲት 24

ተኳሿ ሳትቀር ሰምታለች። «ክፉ አይንካዎት ብለው ቢጀምሩ እኮ ያልፍ ነበር እትዬ» አለችኝ። አመሰግናለሁ። ትናንት የት ነበርሽ?

የካቲት 26

«ይቅርታ ጠይቂው» ይላል።

«ወረቀቱን ይጻፍልን፣ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።»

«ወንድሜን ፈርም አልለውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማሽም?»

«ወረቀት ያልያዘውስ ምኑን ነው የማይለቀው?»

ስለ ባለ ግራጫው ሱፍ ነገርኩት። ሰማኝ፣ ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ያ ጓደኛው ነው። ይሄ ወንድሜ ነው።» ወንድም አይሞትም ማለት ነው? ሸሚዝ ሳጥፍ ዋልኩ።

መጋቢት 3

«አልሄድም» አልኩት። በቃ አልኩት። አልጮህኩም። እሱም አልጮኸም፣ ይሄ ነው የባሰው። «እኔ ግን እሄዳለሁ። ማሽኗ ግማሿ የእኔ ናት» አለ።

ግማሽ ማሽን ምን ያጥባል? ትንሿን ማጠቢያ ለእኔ፣ ትልቋን ለእሱ ብሎ ራሱ ፈርዶ ራሱ አጸደቀው። ሱቁ ተረፈኝ። የኪራይ ውሉ በእኔ ስም ነው… ያኔ ወረፋ ጠልቶ እኔን ስለላከኝ። ስንፍናው ዛሬ ጠቀመኝ።

መጋቢት 12

ጫኗት። ከወለሉ የተነቀለችበት ቦታ ላይ አራት ቀዳዳና አንድ ሳሙና ያለበት ክብ ቀረ። ተኳሿ እንባዋን ጠረገች። እኔ አላለቀስኩም። ወለሉን አጠብኩት።

እሱ ጥቁር ሱፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። የሠርጋችንን። «እዚያ ሙቀት ነው፣ ሱፍ አያስፈልገኝም። አጥበሽ አቆይልኝ» አለኝ። እንደ ማንኛውም ደንበኛ። ጥግ ላይ ወረወርኩት። አይቶኝ ነው የወጣው።

እወደዋለሁ እኮ… ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ሚያዝያ 8

ደወለ። ማሽኗ ጉምሩክ ታግታለች። «ቀላል ነው» አለ። የማንን ቃል እንደሚናገር አውቄያለሁ።

ሚያዝያ 27

ማሽኗ ከጉምሩክ ወጣችለት። በጋሼ ስም። ማጠቢያ ቤቱም በጋሼ ስም ተጠርቷል፤ የቆንስሉ ሙሉ ስም በትልልቅ ፊደል፣ ከሥሩ «ዘመናዊ እጥበት»። ፎቶ ላከልኝ። ማሽኗን ለየኋት፣ ጎኗ ላይ ያለውን ጭረት። እሱ ከዳር ቆሟል። ከስቷል እንዴ? ወይስ ፎቶው ነው?

እኔ በትንሿ ማሽን ቀንም ማታም እሠራለሁ። ባንክ ቤቶቹ አልሄዱብኝም። ወገቤ ግን እየሄደ ነው።

ግንቦት 19

አማቴ መንገድ ላይ አዩኝ፣ ሌላ ሰው እንዳዩ አለፉኝ። ጋሼ ደረቱን አሞት እንደነበር ከተኳሿ ሰማሁ። ጉንፋን ነው፣ ዳነ። ጥፋቱ ግን የእኔ አፍ ነው አሉ። ሰው በጉንፋንም ሊጠይቀኝ ነው።

ሰኔ 10

ዛሬ የኔው ሰው ደወለ። በሥራ ሰዓት፣ ሸሚዝ በሸሚዝ ሆኜ። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነው። መብራት አልጠፋም ወይ ብዬ ልነካካው ነበር፣ ተውኩት።

«ያቺ ነገርሽ ከጋሼ ልብ አልወጣችም» አለኝ።

«የቷ?»

«ቢሞቱስ ያልሽው። ደረቱን ሲያመው ደግሞ ባሰበት። ትናንት ጠበቃ ዘንድ ሄዶ ኑዛዜ ጻፈ።»

ደስ አለኝ። ለቅጽበት ልቤ ዘለለ… ሟርተኛዋ ልክ ነበረች፣ ወረቀት ተጻፈ።

«ማጠቢያ ቤቱን ለማን አለ?»

ከጀርባው የማሽኗ ድምፅ ይሰማኛል። ስትጨምቅ የምታሰማት ጉርምርምታ… በየትም አገር ብሆን አውቃታለሁ።

«ለልጆቹ» አለ። «በስሙ ስለሆነ ሌላ መንገድ የለም አለው ጠበቃው።»

«አንተስ?»

«‹ሥራ አስኪያጅ ነህ፣ ልጆቼ አያባርሩህም› አለኝ።»

የእኛን ልጅ ለልጆቹ አወረሳት። በእኔ ምክር። ፈርም ብለህ ጠይቀኸው ነበር ወይ አላልኩትም። እንዳልጠየቀው አውቃለሁ። ዛሬም አይጠይቀውም፤ ወንድሙ ነው።

«ልምጣ?» አለኝ።

«ማሽኗስ?»

«እሷ አትወጣም።»

ስድቡ ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር። ለወራት ያጠራቀምኩት። አንዱም አልወጣም። የወጣው ይሄ ነው፦

«ሱፍህ ታጥቧል።» ውሸቴን ነው፣ ጥግ ላይ አቧራ ለብሷል።

«መቼ ልውሰደው?» ቀስ ብሎ ነው የጠየቀኝ።

«ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል። አንተ ነህ የጻፍከው።»

ስልኩን ዘጋሁ። ሱፉን አነሳሁ፣ ኪሶቹን ገልብጬ አየሁ፣ የአንገትጌውን ላብ በእጄ አሸሁ፣ አጥቤ አደረቅኩት። ተኳሿ ሳላዛት ተኮሰችው። ቁጥር ሰፋሁበት፣ ደረሰኝ ቆረጥኩ፣ የዛሬን ቀን ጻፍኩበት።

«ሦስት ወር ሲሞላው እንሸጠዋለን እትዬ?» አለችኝ።

ዘንጉ ጥግ፣ ግራጫው ሱፍ የነበረበት ቦታ ክፍት ነው። እዚያ ሰቀልኩት።