ከለማኝ ለሚያስለምኑን ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር አቶ አሳምነው
የ«ሁሉ ለሁሉ» ሸማቾች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ
መካነ ሰላም

ጉዳዩ፦ ባዶ መሳቢያዎችንና አንድ ዓይነ ስውር አባትን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በቢሮዎ ደጃፍ ያስተከሏቸው ጽዶች ሳይቀሩ በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ዱዓዬ ነው። እኔ ከሐፍረት በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሐፍረቱ ግን እህል ቢያስጠላኝና በዋናው መንገድ መሄድ ቢያስተወኝ፣ የጤናዬን ነገር ለእርስዎ ሳልገልጽ መቅረት ነውር መስሎ ስለታየኝ ይህን ደብዳቤ በሱቅዎ በር ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ከዓረብ አገር የተመለስሁት የማኅበርዎ አባል ሱሀይላ ነኝ። እዚያ በነበርሁበት ከተማ፣ በአንድ ትልቅ መደብር ውስጥ፣ ገበያተኛው ገንዘብ ተቀባይ ሳያስፈልገው ዕቃውን ራሱ እያስነበበ የሚከፍልባቸው ማሽኖች ነበሩ። የእኔም ሥራ የእነዚያን ማሽኖች ሆድ በዝርዝር ገንዘብ መሙላት ነበር። መደብሩ ሳይከፈት በየማሽኑ እየዞርሁ ሳንቲሙንና ትንንሹን ገንዘብ እሞላለሁ፤ ቀን ደግሞ አንዱ መልስ አጥቶ ቀይ መብራት ካበራ ሮጬ እደርሳለሁ። አለቃዬ ክፉ ሰው ነበር፤ ነገር ግን መልስ የማይሰጥ ማሽን ሌባ ነው ይል ነበር፤ በዚህች ብቻ እስማማለታለሁ።

ይህንኑ እርስዎ ቢሮዎ አስጠርተው፣ ወንበር አስቀርበው አስወርተውኛል። እኔ የነገርሁዎ ለጨዋታ ነበር። እርስዎ ግን በወሩ አናጢ ጠርተው መሳቢያ ያለው ረጅም ጠረጴዛ አሠሩ፤ ሁለቱን ገንዘብ ተቀባዮች አመስግነው አሰናበቱ፤ በግድግዳውም ላይ «ራስዎን ያስተናግዱ» ብለው አስጻፉ። ገበያተኛው ዕቃውን አንሥቶ፣ ዋጋውን ከተለጠፈው ወረቀት አንብቦ፣ ብሩን በተቆለፈው ሣጥን ቀዳዳ ይከትና መልሱን ከተከፈተው መሳቢያ በእምነት ያነሣል ተባለ። በምረቃው ዕለት ሪባን ተቆረጠ፣ ለስላሳ ተጠጣ፣ እኔም አጨበጨብሁ። ያገሬ ሰው የሰው ገንዘብ አይነካም ብለው መተማመንዎ በእውነት አኩርቶኝ ነበር። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚለውን ተረት በእርስዎ ላይ መተረት ድፍረት ስለሚሆንብኝ አልተርተውም።

ቅሬታዎቼን እንደ ደንቡ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መሳቢያዎቹ በዝርዝር የተሞሉት በምረቃው ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ሣጥኑ መዋጥ እንጂ መሳቢያው መስጠት አያውቅም። መጀመሪያ በመልሱ ፋንታ ማስቲካ አስቀመጡልን፤ ማስቲካውን ልጆች ጨረሱት። ቀጥሎ ክብሪት አስቀመጡልን፤ ስለ ክብሪቱ ከልብ አመሰግናለሁ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ስምዎ በቤቴ ይነሣል። በስልክ ክፈሉ ያሉትንም ሰምቻለሁ፤ ምክሩን ከከላላ በበቅሎ ለሚመጣው ገበሬ በራስዎ አንደበት ቢነግሩልን ደግሞ ይበልጥ ይገባዋል።

ሁለተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል።

በበሩ ላይ ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ አስለጥፈዋል። «ዝርዝር የሚፈልጉ ውድ ደንበኞቻችን ከበሩ በስተግራ ከሚቀመጡት አባት እንዲዘረዝሩ በትሕትና እናሳስባለን» ይላል። በስተግራ የሚቀመጡት አባት አባ የኋላሸት ናቸው። ወግዲ ሲያርሱ ኖረው ዓይናቸው ሲጠፋ ወደ ከተማችን የመጡ፣ ሰው በሰጣቸው የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ያንን ቦታ የመረጡት የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ መንገድ እዚያ ላይ ስለሚገናኝ ነው። በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም በጁምዓና በበዓል ብሩን ዘርዝሮ ለነዳያኑ ትንሽ ትንሽ ያዳርሳል፤ ስለዚህ በመካነ ሰላም ትንንሽ ብር የማይታጣበት ቦታ ቢኖር የአባ የኋላሸት ጨርቅ ነው። ባንክ ቤት ያላዩትን እዚያ ማየትዎ የአመራር ብቃትዎን ያሳያል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጎረቤቴን አልታዬን፣ አራስ ነበረችና፣ ልጠይቃት ስል እጄ ባዶ እንዳይሆን ሳሙና ልገዛ ከሱቅዎ ገባሁ። የያዝሁት ባለ ሁለት መቶ ብር ነው፤ መሳቢያው ባዶ ነው። ማስታወቂያዎን አነበብሁና ታዛዥ ደንበኛ ነኝና ወጣሁ። ከአባ የኋላሸት ፊት ቁጢጥ አልሁ። እንግዲህ በአገራችን ሰውን በደረቁ መጠየቅ የለም፤ የፈጣሪ ስም ይቀድማል። እኔም እንደ ልማዴ «አባቴ፣ ስለ አላህ ብለው ይቺን ይዘርዝሩልኝ» አልሁ።

ብሩን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ መልሰው መዳፌ ላይ አኖሩት። ከጨርቃቸው ላይ አምስቱንም አስሩንም በእፍኛቸው ሰብስበው ጨመሩልኝና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ።

«በስሙ ከጠየቅሽኝ አልዘረዝርልሽም፤ ውሰጂው። እኔም የምበላው በዚሁ ስም ነው» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ልመልስላቸው ሞክሬአለሁ፤ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሁለት መቶውን ጨርቃቸው ላይ ልተው ብል፣ ዛሬ ከተውሽው ገዛሽው ማለት ነው፣ ሌላ ቀን ስትሰጪኝ እቀበልሻለሁ አሉኝ። በዚህ መሐል ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጠው የትምወርቅ ከሱቁ ስትወጣ ቆማ አየችን። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበችና አለፈች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ዓረብ አገር ደርሳ የመጣችው፣ የአባቷን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰችው ሱሀይላ ከዓይነ ስውር ለማኝ ምጽዋት ተቀበለች የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ አልታዬ ቤት ደርሷል። እኔም በዚያው ምጽዋት የእርስዎን ሳሙና ገዝቼ ሄድሁ። አራሷ ተቀብላ መረቀችኝ፤ አሜን ማለት አቃተኝ።

የሰው አገር ሰው ሰድቦኛል፣ ደመወዜን ከልክሎኛል፤ እንዲህ ግን አላፈርሁም። እዚያ ያሳፈረኝ የሌላው ክፋት ነበር፤ እዚህ ያሳፈረኝ የአንድ ደግ ሰው ደግነት ነው፤ ይኸኛው ሲከብድ አየሁት።

ሦስተኛው፣ ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው። አባ የኋላሸት በፈጣሪ ስም ለጠየቃቸው እንደማይዘረዝሩና በነፃ እንደሚሰጡ ከተማው ሰማ። እኔ ባለማወቅ ያደረግሁትን ሌላው አውቆ ያደርገው ጀመር። ማስታወቂያዎን አንብቦ ይወጣል፣ «ስለ ማርያም» ወይም «ስለ ነቢ» ይላል፣ ይዞ ይመለሳል። መስጠትም ቀርቷል፤ ምክንያቱም የሚሰጥ ሰው ብሩን የሚዘረዝርበት ሱቅ የእርስዎ ነበር። አንድ ቀንማ ዝርዝሩን የወሰደ ሰው በጨርቃቸው ላይ የማስቲካ ወረቀት ጥሎላቸው ሄደ። አባ የኋላሸት ብር መስሏቸው ወረቀቱን አክብረው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። የጣለውን ሰው አላየሁም፤ ማስቲካው ከየት እንደመጣ ግን እርስዎም እኔም እናውቃለን።

ማደሪያ ጥግ የሰጠቻቸው ወይዘሮ ሰርካለም እንደነገረችኝ አሁን አሁን ማታ የሚገቡት ባዶ ጨርቅ ይዘው ነው። እሷም ከልጆቿ አፍ ቀንሳ ታቀምሳቸዋለች፤ የእሷም አቅም የታወቀ ነው። ለሚመጣው ቅዳሜ፣ ገበያው ሲፈታ፣ በወግዲ መኪና ወደ እህታቸው ሊሄዱ ተነሥተዋል። እህትየዋ ራሷ አሮጊት ናት፣ በሕይወት መኖሯንም በቅርቡ የሰማ የለም። ሄጄ ለመንኋቸው። ለምን እምቢ አይሉም፣ ይከልክሏቸው እንጂ ብላቸው፣ በስሙ የመጣን መከልከል አልችልበትም፣ ስለዚህ ከማልጠየቅበት ቦታ ብሄድ ይሻላል አሉኝ። እንግዲህ ክቡርነትዎ ዝርዝር ማምጣት ስለታከተዎ አንድ ሽማግሌ በዚህ ዕድሜው፣ ያለ ዓይኑ፣ ወዳልተጨበጠ ቤት ሊሰደድ ነው። ነገሩ ከትሕትና ጋር ሊጻፍ ይችል እንደሆነ ሞክሬ ከዚህ የተሻለ አልመጣልኝም።

ቢሮዎ ስመጣ በአክብሮት ስላስተናገዱኝ አመሰግናለሁ። አባ የኋላሸት የማኅበሩ አጋር ናቸው ማለትዎን፣ በግማሽ ዓመቱ ሪፖርትም «የዝርዝር ገንዘብ እጥረት በአካባቢ አቅም ተፈትቷል» ተብሎ መቅረቡን ሲነግሩኝ ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ። ያን ዕለት መናገር ሲገባኝ ዝም ማለቴ ሌላ ሐፍረት ሆኖብኛል። ይሉኝታ ነው እንጂ ቃል አጥቼ አልነበረም።

አራተኛ ብዬ የጀመርሁት ነበር፤ ስለ ሚዛኑ ነው፤ ከላይኛው በኋላ ግን ሚዛን ማንሣት አስጠላኝ፣ ይቅር።

የምጠይቀው ቀላል ነው። ያንን ማስታወቂያ ያንሡ። ከሣጥንዎ የሚወጣውን ትልልቅ ብር ባንክ ወስደው ትንንሽ ያድርጉት፤ ባንክ ቤት ቢያጡ የአጅባር እህል ነጋዴዎች ከገበያ ማግስት የትንንሽ ብሩን ሸክም የሚረከባቸው ይፈልጋሉ። ጊዜ የለኝም ካሉ እኔ በነፃ እሄዳለሁ፣ እኔው በየማለዳው እሞላለሁ፤ ሙያዬ ነው፤ ደመወዝ አልጠይቅም። ማኅበሩ ያለበትንም ምጽዋት ለባለቤቱ ይመልስ፤ የእኔን እኔው እመልሳለሁ፣ ሌላ ቀን ስትሰጪኝ እቀበልሻለሁ ብለውኛልና። ይህ ሁሉ ከቅዳሜ በፊት ቢሆን ነው። ከቅዳሜ በኋላማ የወግዲ መኪና ሄዷል፤ መሳቢያዎን ወርቅ ቢሞሉትም አልከራከርዎም።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ወንበርዎን ያጽናልን፤ ለሌላውም ከተማ የሚተርፍ ብልሃትዎን ከዓይን ያውጣልን።

በሱቅዎ ደጃፍ ከለማኝ የለመነች፣
አክብሮቷ ያልተጓደለ ታዛዥ ደንበኛዎ
ሱሀይላ አበጋዝ

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ አባላት በሙሉ፣
ማስታወቂያውን አንብቦ ወደ ግራ ለሚዞር ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በስማቸው የምጽፈውን ሳይሰሙ መለጠፍ ስላልወደድሁ ደብዳቤውን ለአባ የኋላሸት አነበብሁላቸው። መጀመሪያ በጻፍሁት ላይ እርስዎን የሚመለከት አንድ መራራ ቃል ነበረበት። እሱን ሰርዢ አሉኝ። ስለምን ብላቸው፣ ሱቁ ሳይከፈት ማለዳ ማለዳ እየመጣ ለቁርሱ በፈጣሪ ስም የሚጠይቃቸው አንድ ሰው እንዳለ፣ ድምፁንም ካወቁት እንደቆዩ ነገሩኝ፤ ስምዎን ጠሩልኝ። «ተይው ልጄ» አሉኝ፤ «እሱም ለምኖኝ የሚያድር ነው፤ ደሀ አይሰደብም።» ቃሉን ሰርዤዋለሁ።